አሥራ ሦስት ኪሎ

ሰኞ፤ 103 ኪሎ

የምግብ ባለሙያዋ ይህን ደብተር ያስገዛችኝ የበላሁትን ሁሉ እንድጽፍበት ነው። «ሁሉንም ነው የምልዎት፤ የቀመሱትንም፣ ከድስት ጥግ የጠረጉትንም» አለችኝ። ከድስት ጥግ እንደምጠርግ ማን ነገራት? ቀጭን ልጅ ናት። ስታናግረኝ ዓይኗን ከወረቀቷ ላይ አላነሳችም፤ ደግነቱ።

ለማንኛውም ልጀምር። የከተማ አውቶቡሶች ጋራዥ ውስጥ፣ የሠራተኞች ክበብ ምግብ አብሳይ ነኝ። ሥራውን ከያዝኩ ሃያ አንድ ዓመቴ። ሾፌሮቹ ታንከር ይሉኛል። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ስሙን እወደው ነበር።

የታናሽ እህቴ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ስምንት ወር አለፋቸው። በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ትገባለች። የእኔ ኩላሊት ይስማማታል፤ ደማችን ገጠመ፣ ሌላውንም ምርመራ ሁሉ አለፍኩ። የቀረው ሆዴ ብቻ ነው። ሐኪሙ በሦስት ወር ውስጥ ከዘጠና ኪሎ በታች ካልወረድኩ ቀዶ ጥገናው እንደማይታሰብ ቁርጡን ነገረኝ። የእሷ ልብ እየደከመ ስለሆነ ከዚያ በላይ መቆየትም አይቻልም። ይህን ሲል እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። የሸሚዜን እጅጌ ብቻ ያዝ አደረገች።

ቁርስ፦ አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ አንድ ቁራጭ ዳቦ። ምሳ፦ የተቀቀለ ካሮት፣ መዳፌን የምታክል ዶሮ። እራት፦ የአትክልት ሾርባ። ከድስት ጥግ፦ ምንም።

ውሸት ነው። ሁለት ማንኪያ ሩዝ።

ረቡዕ

ሽንኩርት ጠበስኩ፤ አሥራ አምስት ኪሎ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ዓርብ

ሳልቀምስ ማብሰል አልችልም፤ ከቀመስኩ ደግሞ አላቆምም። ስለዚህ ዕቃ አጣቢዋን ቀማሽ አድርጌ ሾምኳት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ እትዬ ነው የምላት። ማንኪያ ስሰጣት ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ትቀምስና «ጥሩ ነው» ትላለች። ሩዙም ጥሩ ነው፣ ሾርባውም ጥሩ ነው። እኔም እሷን አምኜ ጨው ጨመርኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ ሾፌር ሳህኑን ይዞ መስኮቱ ጋ መጣ። «ታንከር፣ ዛሬ በባሕር ውሃ ነው እንዴ የቀቀልክልን?»

እትዬን ጠየቅኳት። «እኔ እኮ ጨው እወዳለሁ» አለችኝ፤ እንዲያውም ገረማት።

እሁድ

እህቴ ዘንድ ነበርኩ። ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው ቤቷ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሙቀቱ ዘንድሮ አይጣል ነው፤ ደረጃውን ስጨርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል።

በፊት እሁድ እሁድ እሷ ነበረች እኛ ቤት የምትመጣው። ምድጃው አጠገብ ቆማ ከመጥበሻው በሹካ እየወጋች ትበላለች፣ እኔ እቆጣለሁ፣ እሷ አትሰማም። አሁን ቲማቲም ተከልክላለች፣ ሙዝ ተከልክላለች፣ ጨውማ አይነሳ። ድንች የምትበላው ሁለቴ ቀቅዬ ውሃውን ከደፋሁላት ነው፤ ወረቀት ወረቀት ይላል። ዛሬም ይዤላት ሄድኩ። ጉንጯን ሞልታ «እጅህ እኮ» አለችኝ። ውሸታም።

ውሃ በቀን ሦስት የሻይ ብርጭቆ ነው የተፈቀደላት። መድኃኒት የምትውጥበትም ከዚያው ነው። ጠዋት ሦስቱን ቀድታ፣ የሲኒ ማስቀመጫ ከድናባቸው፣ መስኮቱ ሥር ትደረድራቸዋለች። እኔ ይህን እያየሁ፣ እንደ ሁልጊዜዬ ፍሪጁን ከፈትኩና ትልቁን ብርጭቆ ሞልቼ ቆሜ ጠጣሁት። ሳወርደው እህቴ ጉሮሮዬን እያየች ነበር።

«ምነው ጋሼ፣ ቀስ አትልም? ሳላየው አለቀ እኮ» አለችኝ።

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ደረጃውን ስወርድ ግን መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ እመርጥ ነበር።

ከዛሬ ጀምሮ እሷ የምትጠጣውን ያህል ነው የምጠጣው። ሦስት የሻይ ብርጭቆ። ለማንም አልናገርም። ባለሙያዋ ወረቀቷ ላይ «ውሃ በብዛት» ብላለች፤ ውሃ ግን ምግብ አይደለም፣ ስለዚህ እዚህ የመጻፍ ግዴታ የለብኝም።

ማክሰኞ፤ 99 ኪሎ ከግማሽ

ሁለት ሳምንት ተኩል። ሚዛኑ ወደደኝ! ባለሙያዋ ራሷ ቀና ብላ አየችኝ። «ምን ቢያደርጉ ነው?» «ያሉኝን» አልኳት።

ባለቤቴ እቤት ሆና ልብስ ትሰፋለች። ሱሪዬን እንድታጠብብልኝ ሰጠኋት። «ቆይ፣ ምን ያስቸኩላል፣ መልሰህ ትወፍር የለ?» ብላ ወንበሩ ላይ ጣለችው። የጎረቤት ሁሉ ሱሪ ሲጠብና ሲሰፋ ይውላል። ቀበቶዬን በቢላ ጫፍ ተጨማሪ ቀዳዳ በሳሁለት።

ቅዳሜ

ባለቤቴ ድንች ጠበሰች። ትናንት ደግሞ በዘይት የተነከረ ዳቦ በእንቁላል። በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳራችን ውስጥ የዚህን ሳምንት ያህል ጠብሳ አታውቅም፤ «እኔ ምግብ አብሳይ ያገባሁት ላልጠብስ ነው» እያለች ትቀልድ የነበረች ሰው ናት። ሳህኑን ከድና ፊቴ ታስቀምጠዋለች። «አንድ ቀን ብትበላ ምን ትሆናለህ? ጉንጭህ እኮ አለቀ።» ሴት ልጆቼ እናታቸውንም እኔንም ያያሉ።

አልበላሁም። እጄን ታጥቤ ሰፈር ስዞር አመሸሁ። ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ያኝካል። ዳቦ ቤቱ በር ላይ አንዷ ትኩስ ዳቦ ገዝታ ጫፉን ቆርሳ አፏ ውስጥ ጨመረች። ልጆች ሳለን እኔና እህቴ ከአንድ ዳቦ እሷ ቅርፊቱን፣ እኔ ውስጡን ነበር የምንካፈለው። ሳንጣላ። ያን ያህል ዘመን ሳንጣላ የተካፈልነው እሱን ብቻ ነው። ከእሷ ጋር መብላት ናፈቀኝ፤ እስካለቅስ ድረስ ናፈቀኝ።

ሰኞ

ራስ ምታት። ረሃብ ነው።

ረቡዕ

ምድጃው ፊት ዞረብኝና የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። እትዬ ወንበር አመጣችልኝ። «ከንፈርህ ተሰነጣጥቋል። ቅባት አትቀባም እንዴ?» አለችኝ። ቅባት እገዛለሁ።

ሽንቴ ጠቁሯል። የካሮቱ ይሆናል፤ በቀን ስንት ካሮት ነው የምበላው።

ውሃዬን እንዲህ ከፋፍያታለሁ፦ አንዷን ጠዋት፣ አንዷን ምሳ ካወጣን በኋላ፣ አንዷን ማታ። የመካከለኛዋን ነው የምወዳት። ዕቃ ቤት ገብቼ ድንች ጆንያ ላይ እቀመጥና በትንሽ በትንሹ እወስዳታለሁ። እንዲህ ያለ ጣዕም እንዳለው አላውቅም ነበር። እህቴም አሁን እንዲህ እየጠጣች ይሆናል እላለሁ። አብረን የበላን ያህል ይሰማኛል።

እሁድ፤ 96

እህቴ፦ «ጋሼ እያለቅህ ነው። ኩላሊቴን መንገድ ላይ እንዳትጥልብኝ።»

ኩላሊቴን አለች። ደስ አለኝ።

እጇ አብጧል። ቀለበቷን በሳሙና አውጥታ መስኮቱ ላይ አስቀምጣዋለች። ትናንት ከእጥበት ስትመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሃያ ደቂቃ እንዳረፈች ጎረቤቷ ነገረችኝ፤ እሷ አልነገረችኝም።

ሐሙስ

በላሁ።

አንድ ሾፌር ጡረታ ወጣና ለመሸኛው ክሬም ኬክ አስመጡ። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ፣ ሰዓት ተሸለመ። እኔ ቆራጭ ነበርኩ። ለስድሳ ሰው ቆርጬ ጣቴን እንኳ አልላስኩም፤ በፎጣ ጠረግኩ። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ሩብ ትሪ ተረፈ። እትዬ «ለልጆችህ ውሰድላቸው» ብላ ወረቀት ልታመጣ ወጣች።

ትሪውን ይዤ ዕቃ ቤት ገባሁ፣ በሩን በተረከዜ ዘጋሁ። በእጄ በላሁት። ሹካ ለማንሳት እንኳ አልታገስኩም። ሲያልቅ የኬኩን ሳጥን ክዳን ላስኩ። እትዬ በሩን መታች፣ ዝም አልኩ፣ ሄደች።

ያን ጊዜ እህቴ ጨርሶ ትዝ አላለችኝም ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። ትዝ ብላኛለች። እየዋጥኩ ሳለሁ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፦ ኪሎዬ ካልወረደ እኮ እምቢ ያለው ሐኪሙ ነው የሚባለው፣ እኔ አይደለሁም። ማንም ፈራ አይለኝም። ወፍራም ሆኖ ነው ይሉኛል፤ ወፍራምነቴን ደግሞ ሁሉም ለምዶታል።

እፈራለሁ። ይኸው ጻፍኩት። ጎኔን ሲከፍቱኝ ይታየኛል። ሳልነቃ ስቀር ይታየኛል፣ ልጆቼ ኮሪደር ላይ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ታንከር ይፈራል ቢባል ማን ያምናል? ዛሬ የበላው ሆዴ ነው ወይስ ፍርሃቴ ነው፣ መለየት አልቻልኩም።

ማታ ቢጠማኝም አልጠጣሁም። ቅጣቴ ነው።

ዓርብ

ባለሙያዋ ደብተሩን ካየች አለቀልኝ። ገጹን ልቅደደው? አልቀደውም።

ማክሰኞ፤ 94

ከሥራ ቀደም ብዬ ገባሁ። ባለቤቴ የስፌት መኪናውን አቁማ በስልክ ከእህቷ ጋር ታወራለች። በሩ ገርበብ ብሏል። «ለእሱ እህቱ ነች፣ ሕይወቷ ነው፣ ገባኝ። እኔስ ማን ነኝ? ሁለት ልጅ ይዤ ማንን ልጠይቅ ነው?» ስትል ሰማሁ። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገች።

ስለ ማን እንደምታወራ አላውቅም። ከደንበኞቿ አንዷ ችግር ላይ ናት መሰለኝ። ጫማዬን አውልቄ ስገባ ፊቷን ታጥባ ነበር። የተጠበሰ ዶሮ ከድና አስቀምጣለች።

ረቡዕ

አልበላሁም።

ዓርብ

አልበላሁም። ቡልኮ ለብሼ ነው የምተኛው፤ በዚህ ሙቀት ይበርደኛል። ስብ ሲያልቅ እንዲህ ነው አሉ።

ሰኞ፤ 91 ከሩብ

ሾፌሮቹ ውርርድ ጀምረዋል አሉ። «ታንከር፣ ነዳጅ ጨርሰህ መንገድ ላይ እንዳትቆም» ይሉኛል። አንዱ ግን፣ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ የሚያስጨምረው፣ ሳህኑን ሲመልስ ጎንበስ ብሎ «ለእህትህ መሆኑን ሰማሁ። በርታ» አለኝና ሄደ። የሚበላው የተለመደውን ግማሽ ነበር። እፊቴ መብላት አፍሮ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ሲጠግብ ማየት ነው የናፈቀኝ።

ረቡዕ፤ 89 ኪሎ ከ600

ወረድኩ! ወረድኩ ወረድኩ ወረድኩ።

ሐኪሙ ክብደቴን ራሱ ሁለቴ አየው። እጄን ጨበጠኝ። ለመጨረሻው ምርመራ ደም ቀዱልኝ፤ ልጅቷ ሥሬን ለማግኘት ሦስት ጊዜ ወጋችኝ። «ደምዎ ወፈረ» አለችኝ። «ደሜ ብቻ ነው የቀረኝ ወፍራም» አልኳት፣ ሳቀች።

ለእህቴ ደወልኩላት። ስልኩ ውስጥ ትንፋሿን እሰማለሁ። «ጋሼ» አለች።

ዓርብ

ቀዶ ጥገናው ቀረ።

መጻፍ አቃተኝ።

ቅዳሜ፣ ጠዋት

ትናንት ሐኪሙ ወረቀቱን እያገላበጠ «ከሦስት ወር በፊት ኩላሊትዎ ምንም አልነበረውም። አሁን ቁጥሩ ተበላሽቷል። ምን ወሰዱ? የማቅጠኛ ኪኒን?» አለኝ።

«ምንም አልወሰድኩም።»

«ውሃስ? በቀን ምን ያህል ይጠጣሉ?»

«ሦስት የሻይ ብርጭቆ።»

መነጽሩን አወለቀ። «ማን አዘዘዎት?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን?»

ምን ልበለው? አርባ አራት ዓመቴ ነው፣ ልጆች አሉኝ። «እህቴ የምትጠጣው ያን ያህል ስለሆነ ነው» አልኩት።

«ምድጃ ፊት እየዋሉ?» አለ፣ በለሆሳስ። ከዚያ ተቆጣ። «ለእህትዎ የሚያስፈልጋት ኩላሊትዎ ነው እንጂ ጥማትዎ አይደለም። ገደሏት እኮ!» አሥር ቀን ሰጠኝ። በቀን ሦስት ሊትር ጠጥቼ ደሜ እንደገና ይታያል። ቁጥሩ ከተመለሰ ጥሩ፤ ካልተመለሰ ሌላ ሰው ይፈለጋል። ሌላ ሰው እንደሌለ እሱም ያውቃል።

እቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር በራ። ዓይኔ አይቶታል፤ ወዲያው ጠፋ፣ ግን በርቷል። ከዚያ የስፌት መኪናው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

«እንዲቀር ፈጣሪን ስለምን ነበር» አለች። «ስጠብስ የነበረው ላሳስትህ ነው። አንዴ ከበላህ ትተወዋለህ ብዬ ነው። አንተ ብትሞትብኝስ? ይኸው ስለቴ ሰመረ፣ አሁን እሷን በምን ዓይኔ ላያት ነው?»

«አውቄያለሁ» አልኳት።

አላወቅኩም ነበር። ወይም አውቄ እዚህ አልጻፍኩትም። እኔም እንደምፈራ ነገርኳት፤ የኬኩንም ነገርኳት። ዕቃ ቤቱን፣ ክዳኑን፣ ሁሉንም። አፍንጫዋን እየጠረገች «ሩብ ትሪ?» አለችኝ። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ተቃቅፈን ስቀን አናውቅም፤ ለቅሶም ነበረበት።

ዛሬ ስነሳ ሱሪዎቼ ሦስቱም ጠበው፣ ተተኩሰው ወንበሩ ላይ ተዘርግተዋል።

እሁድ

እህቴ ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሯታል። በሩን ከፈተችልኝና ሰላም ሳትለኝ ወደ ውስጥ ተመለሰች። እግሯን እየጎተተች ነው የምትሄደው።

«ቁጭ በል።»

ቁጭ አልኩ።

«ማን ለምኖህ ነው? እኔ ለምኜሃለሁ? የሚጠማው ሰው አንድ ይበቃ ነበር እኮ! አንድ አይበቃም? ሰው እንዴት ጤናውን ይዞ እንዲህ ይሆናል?» ድምፅዋ ተሰበረ። በሕይወቴ እንዲህ ተቆጥታኝ አታውቅም። «እኔ እንድትጠማልኝ አይደለም የምፈልገው። እንድትጠጣልኝ ነው።»

ጆግ ሞልታ ከፍሪጅ አመጣች። በሁለት እጇ ነው የያዘችው፣ ከብዷታል። ልቀበላት ስነሳ ገላመጠችኝ፣ ተቀመጥኩ። በትልቁ ብርጭቆ ቀዳችልኝና ፊት ለፊቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጠጣ።»

«እዚህ ፊትሽ አልጠጣም። እቤቴ እጠጣለሁ።»

«እቤትህማ አላምንህም። እዚሁ፣ እያየሁህ።»

ጠጣሁ። የመጀመሪያው እንዴት እንደወረደ አላውቅም። ሁለተኛውን ቀዳችልኝ። ዓይኗን ከአንገቴ ላይ አላነሳችም።

«በል ንገረኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ምግብ አብሳይ አይደለህ? እንዴት እንደሆነ ንገረኝ።»

ነገርኳት። መጀመሪያ ጥርስ ላይ እንደሚሰማ፣ ምላስ ሥር ትንሽ እንደሚያርፍ፣ ደረት መሐል ሲደርስ ቅዝቃዜው ወደ ጎንና ጎን እንደሚዘረጋ። የቧንቧውን ብረት ብረት የሚል ሽታ እንኳ ነገርኳት። አፏን ከፈት አድርጋ ታዳምጠኛለች። ሦስተኛውን ስጠጣ ጉሮሮዋ ከእኔ ጉሮሮ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ። እኔ ስውጥ እሷም ትውጣለች። ባዶ አፏን።

እንባዬ መጣ። «አታልቅስ» አለችኝ፤ «ውሃ ነው የምታባክነው።»

አራተኛውን ቀዳችልኝ።

ሐሙስ

በየቀኑ ከሥራ ስወጣ እሷ ዘንድ እየሄድኩ ነው። በየቀኑ እጠጣለሁ፣ እነግራታለሁ። እንቁላል፣ ካሮት፣ ዶሮ እንደ ወትሮው። ውሃውንም ከዛሬ ጀምሮ እጽፋለሁ፦ አሥራ ሦስት ትልልቅ ብርጭቆ።

ማክሰኞ

ቁጥሩ ተመለሰ። ክብደቴም አልጨመረም። የመጪው ሰኞ ነው ቀኑ።

ሰኞ፣ ጠዋት

ከትናንት ማታ ጀምሮ ለሁለታችንም ክልክል ነው፤ እህልም፣ ውሃም። የሐኪሙ ትእዛዝ ነው፣ ዘንድሮ የማንንም ትእዛዝ አልጥስም። ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ነው የሰጡን፤ ባለቤቴ መሐላችን ወንበር ላይ ተቀምጣ አንድ እጇን ለእኔ፣ አንድ እጇን ለእህቴ ሰጥታ እንቅልፍ ወስዷታል። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ደግፌ በአንድ እጄ ነው የምጽፈው። ነርሷ ደብተሩን ልትወስደው በሩ ላይ ቆማለች፤ አንድ ደቂቃ ለመንኳት።

እህቴ ባለቤቴ እንዳትነቃ ቀስ ብላ ጠራችኝ።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«ጠማህ?»

«በጣም።»

«እኔንም» አለችኝ።